ለሞተራችን የትኛው ቫልቭ ይሻላል?

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና አገሮች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በየቡ፣ በሸቤና በጌራ የብዙ ገበሬ ኑሮ በቡና ላይ የቆመ ነው። ቡና ደግሞ የሰው እጅ ብቻ አይበቃውም፤ ሞተርም ይፈልጋል። እሸት ቡና የሚፈለፍለው ማሽን በሞተር ይዞራል። ጀንፈል የሚቀሽረውም እንዲሁ። መብራት ባልደረሰበት ቀበሌ እህል የሚፈጨው ወፍጮ የሚዞረው በናፍጣ ሞተር ነው። ቡናውን ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰው የጭነት መኪናም ያለ ሞተር አይነቃነቅም።

እንግዲህ ሞተር ሲታመም ጭንቀቱ የመካኒኩ ብቻ አይደለም። ቀይ ቡና በብዛት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። የሚታጠብ ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። ሳይፈለፈል ካደረ ይሞቃል፣ ይቦካል፣ ሽታውም ይለወጣል። በዚያ ሰሞን ሞተሩ አንድ ሌሊት ቢቆም የብዙ ቤተሰብ ልፋት ዋጋው ይወርዳል።

ቡናን በጊዜውና በጥንቃቄ መያዝ ምን እንደሚያስገኝ ከዚሁ ከአካባቢያችን ማየት ይቻላል። በአጋሮ አካባቢ የሚገኘው ዱሮሚና የተባለ የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር በ2002 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ2004 ዓ.ም. በተደረገ የቡና ውድድር ቡናው ከአፍሪካ ምርጥ ተብሎ ተመረጠ። እንዲህ ያለ ቡና የሚገኘው ፍሬው ቀይ ሆኖ ሲለቀም፣ ሳያድር ሲፈለፈልና በንጹሕ ውኃ ሲታጠብ ነው። ለዚህ ሁሉ ሞተሩ ጤነኛ መሆን አለበት።

ሞተርን ከሚያቆሙት ነገሮች አንዱ የቫልቭ መቃጠል ነው። ሞተሩ ተፈቶ ሲታደስ አዲስ ቫልቭ ይገዛል። ታዲያ በመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ርካሹም ውዱም ተደርድሮ ይታያል። «ይህ ተራ ነው፣ ያኛው የተሻሻለ ነው» ይባላል። የትኛው ይገዛ? ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው።

ቫልቭ ምንድን ነው?

ቫልቭ የሞተር በር ነው። ቅርጹ እንጉዳይ ይመስላል። ራሱ ክብና ሰፊ ነው። እግሩ ቀጭንና ረጅም ነው። የድሮ መካኒኮች ቫልቮላ ይሉታል። ቃሉ የጣልያንኛ ነው። ቫልቭ የሚቀመጥበትን የሞተር ክዳን ቴስታታ የምንለውም ከጣልያንኛ ወስደን ነው። ጠፍሩን ቺንጋ ማለታችንም እንዲሁ።

አንድ ሲሊንደር ብዙውን ጊዜ ሁለት ቫልቮች አሉት። አንደኛው አየር ያስገባል። ይህን አስገቢ ቫልቭ እንበለው። ሁለተኛው የተቃጠለውን ጢስ ያስወጣል። ይህን ደግሞ አስወጪ ቫልቭ እንበለው።

የናፍጣ ሞተር አሠራር አራት ደረጃ አለው።

1ኛ፦ ፒስቶኑ ወደ ታች ይወርዳል። አስገቢው ቫልቭ ይከፈታል። አየር ይገባል።
2ኛ፦ ፒስቶኑ ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱም ቫልቮች ይዘጋሉ። አየሩ ይታመቃል፤ በጣምም ይሞቃል።
3ኛ፦ ናፍጣ ይረጫል። በጋለው አየር ይቀጣጠላል። ፒስቶኑ በኃይል ወደ ታች ይገፋል። ጉልበት የሚገኘው በዚህ ጊዜ ነው።
4ኛ፦ አስወጪው ቫልቭ ይከፈታል። ጢሱ ተገፍቶ ይወጣል።

ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቫልቭ በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ለወፍጮና ለውኃ መሳቢያ በብዙ አገር የታወቀ አንድ ሞተር አለ። ሊስተር ይባላል። በመጀመሪያ የተሠራው እንግሊዝ አገር ዳርስሊ በምትባል ከተማ ነው። በኋላ ሕንድ አገርም ራጅኮት በምትባል ከተማ በዚያው ንድፍ ብዙ ተሠርቷል። ይህ ባለ 6 የፈረስ ጉልበት ሞተር በደቂቃ 650 ጊዜ ይዞራል። እንግዲህ ቫልቩ በደቂቃ 325 ጊዜ ይከፈታል ማለት ነው። በአንድ ሰዓት 19,500 ጊዜ ይሆናል። በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 156,000 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እንዲህ የሚለፋ በር በየትኛው ቤት አለ?

ልፋቱ ብቻ ሳይሆን ሙቀቱም

ሁለቱ ቫልቮች እኩል አይሞቁም። አስገቢው ሁልጊዜ አዲስ አየር ስለሚያልፍበት ቀዝቀዝ ይላል። አስወጪው ግን ጢስና ነበልባል ይነካዋል። ሞተሩ በከባድ ሥራ ላይ ሲሆን የአስወጪው ራስ ከ600 እስከ 800 ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል። ቡና በምጣድ ላይ ሲቆላ የፍሬው ሙቀት ከ200 ዲግሪ ትንሽ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ አስወጪው ቫልቭ ከሚቆላ ቡና ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ይሞቃል። ብረት በዚህ ሙቀት ይቀላል።

ታዲያ ለምን አይቀልጥም? ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ ስላለው ነው። ቫልቩ ሲዘጋ ጠርዙ በቴስታታው ላይ ካለው መቀመጫ ጋር ይገጥማል። ሙቀቱ በዚያ በኩል ወደ ቴስታታው፣ ከዚያም ወደ ማቀዝቀዣው ውኃ ያልፋል። ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል ሙቀት የሚወጣው በመቀመጫው በኩል ነው። የቀረው በእግሩና እግሩ በሚመላለስበት ቱቦ በኩል ይወጣል።

ይህን ነገር በደንብ እንያዝ። የቫልቭ ዕድሜ የሚወሰነው በብረቱ ጥራት ብቻ አይደለም። በመቀመጫው ላይ እንዴት እንደገጠመም ይወሰናል። የወርቅ ያህል ውድ ቫልቭ ቢገዛ፣ በመቀመጫው ላይ ካልገጠመ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ነበልባሉም በክፍተቱ ሾልኮ ጠርዙን ይበላዋል። ቫልቭ ተቃጠለ የሚባለው ይህ ነው።

የተቃጠለ ቫልቭ ምልክቶች

ሞተሩ ጠዋት በቀላሉ አልነሳ ይላል። ጉልበቱ ይቀንሳል። እህል ወይም ቡና ሲገባበት ያቃስታል። ናፍጣ ይበላል። በእጅ ሲያዞሩት በፊት ይከብድ የነበረው ምት ይቀላል፤ በጢስ ማውጫው ወይም በአየር መሳቢያው በኩልም የሚሾልክ አየር «እስ... እስ...» ሲል ይሰማል። እነዚህ ምልክቶች ከሌላ በሽታም ሊመጡ ስለሚችሉ ቴስታታው ከመፈታቱ በፊት መካኒክ ይመርምረው።

ቫልቭን የሚያቃጥሉት ምክንያቶች ብዙ ናቸው። የቫልቩ ክፍተት በትክክል አለመስተካከሉ አንዱ ነው። የማቀዝቀዣ ውኃ ማነስ ሌላው ነው። የናፍጣ መርጫው ሲበላሽም ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም። የአየር ማጣሪያው በዱቄትና በገለፈት አቧራ ሲደፈን ሞተሩ ይታፈናል።

አንድ ሌላ ምክንያት ደግሞ የአገራችን ከፍታ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አላት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳር አየር የሳሳ ነው። በባሕር ዳር 6 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ተራ ሞተር እዚህ 5 ያህል ብቻ ይሰጣል። ባለቤቱ ይህን ሳያውቅ የ6ቱን ሥራ ቢያሠራው ሞተሩ ጥቁር ጢስ ይተፋል። ጥቁር ጢስ የሚያሳየው ናፍጣው ከአየሩ መብዛቱን ነው። ያን ጊዜ ሙቀቱ ይጨምራል፤ አስወጪው ቫልቭም ይጎዳል። መድኃኒቱ ጭነቱን መቀነስ እንጂ ውድ ቫልቭ መግዛት አይደለም።

የቫልቭ ዓይነቶች

ቫልቮች ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ብረታቸው ግን ይለያያል።

አንደኛው ከሲሊከንና ከክሮም ጋር ከተቀላቀለ ብረት የሚሠራ ነው። ጠንካራ ነው፤ እግሩም ቶሎ አያልቅም። ለአስገቢ ቫልቭ ይስማማል። ለከባድ ሙቀት ግን አይመችም።

ሁለተኛው ብዙ ክሮም፣ ማንጋኒዝና ኒኬል የገባበት ብረት ነው። ቀልቶም እንኳ ጥንካሬውን አያጣም። በቀላሉም አይዝግም። ለአስወጪ ቫልቭ የሚመረጠው ይህ ነው።

ሦስተኛው በጠርዙ ላይ ስቴላይት የተባለ ጠንካራ ብረት የተለበሰ ነው። ስቴላይት ኮባልትና ክሮም ያለበት ድብልቅ ነው። መቀመጫው ላይ የሚያርፈው ጠርዝ እንዳይበላ ይከላከላል። ቀንና ሌሊት ለሚሠራ ሞተርና ለከባድ መኪና ይጠቅማል። ከጅማ ቡና ጭኖ የሚነሣ መኪና ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርድና ወደ ወልቂጤ ረጅሙን ዳገት ይወጣል። በዚህ ዳገት ላይ አስወጪው ቫልቭ በጣም ይግላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ በስቴላይት የተለበሰ ቫልቭ ገንዘቡን ይከፍላል።

አራተኛው እግሩ ክፍት ሆኖ ውስጡ ሶዲየም የተጨመረበት ነው። ሶዲየም በ98 ዲግሪ የሚቀልጥ ለስላሳ ብረት ነው። ቫልቩ ሲመላለስ የቀለጠው ሶዲየም ይናጣል፤ ሙቀቱንም ከራሱ ወደ እግሩ ያወርዳል። ይህ ዓይነት ቫልቭ በአውሮፕላን ሞተርና በፈጣን የቤንዚን መኪናዎች ይገኛል። አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለው። ሶዲየም ውኃ ሲነካው ይነዳል፤ ይፈነዳልም። በመንደራችን አሮጌ ቫልቭ ለቀጥቃጭ ይሰጥና መሮ ይሠራበታል። ሶዲየም ያለበት ቫልቭ ግን ፈጽሞ መቆረጥም ሆነ ወደ ምድጃ መግባት የለበትም። ከየትኛው ሞተር እንደወጣ ያልታወቀ ቫልቭም ለምድጃ አይሰጥ።

አምስተኛው ከቲታኒየም የሚሠራ ነው። ቲታኒየም ጠንካራ ነው፤ ክብደቱ ግን ከብረት ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። ዋጋው በጣም ውድ ነው። የሚፈለገው ለእሽቅድምድም መኪና ነው። ለምን? በ1998 ዓ.ም. አካባቢ ፎርሙላ አንድ በሚባለው ውድድር የሚሮጡት መኪናዎች ሞተራቸው በደቂቃ ከ18,000 ጊዜ በላይ ይዞር ነበር። ቫልቫቸው በአንድ ሰከንድ 150 ጊዜ ይከፈትና ይዘጋ ነበር። የብረት ሞላ ያን ፍጥነት ስለማይችለው ቫልቩን የሚመልሰው የታመቀ አየር ነበር። ቫልቩ ከባድ ከሆነ ሳይዘጋ ፒስቶኑ ደርሶ ይመታዋል። ስለዚህ ቀላል መሆን አለበት። የእኛ የወፍጮ ሞተር ቫልቭ ግን በሰከንድ የሚከፈተው 5 ጊዜ ያህል ነው።

እንበልና አንድ የማኅበር ሊቀ መንበር ከመካኒክ ጋር እንዲህ ተነጋገሩ።

«ልጄ፣ ለእሽቅድምድም መኪና የሚሆን ቫልቭ አለ አሉ። ቢወደድም እሱን ብናስገባ ሞተሩ አይበረታም?»

«አይ ጋሼ፣ አይበረታም። ለጉግስ ፈረስ የተሠራ ኮርቻ ለእርሻ በሬ ምን ያደርግለታል? ፈረሱ ሩጫ ነው ሥራው። በሬው ቀስ ብሎ ቀኑን ሙሉ መሳብ ነው። የእኛም ሞተር በሬ ነው።»

«ታዲያ ራሱ ሰፋ ያለውን ብናደርግስ? ብዙ አየር ያስገባል ይባላል።»

«በፈጣን መኪና እውነት ነው። የእኛ ሞተር ግን ለራሱ በተለካ ቫልቭ ነው የተሠራው። ሰፊው መቀመጫው ላይ አይገጥምም። ቢገጥምም ፒስቶኑን ወይም ጓደኛውን ቫልቭ ሊመታ ይችላል። ገንዘቡን ለመቀመጫው ማስተካከያና ለአየር ማጣሪያ እናውለው።»

መካኒኩ ልክ ነው። ቫልቭ የሚመረጠው በዋጋው ወይም በማብረቅረቁ ሳይሆን በሞተሩ ሥራ ነው። ለወፍጮና ለቡና መፈልፈያ ሞተር ለራሱ ልክ የተሠራ፣ አስወጪው ሙቀት ከሚችል ብረት የሆነ ቫልቭ ይበቃዋል። ሥራው ከባድና ረጅም ከሆነ በስቴላይት የተለበሰ ቢሆን ይመረጣል። ከዚያ በላይ የሚወጣ ገንዘብ በከንቱ ይባክናል።

ስትገዙ ምን ታያላችሁ?

ቫልቩ ከጅማም ይገዛ፣ አዲስ አበባ መርካቶ ከሶማሌ ተራም ይምጣ፣ የሚከተለውን አድርጉ።

1. አሮጌውን ቫልቭ ይዛችሁ ሂዱ። የሞተሩን ስምና ቁጥር ከሞተሩ ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ ያዙ። መጻፍ መማር ከሚጠቅምባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

2. አዲሱንና አሮጌውን ጎን ለጎን አስተያዩ። ርዝመታቸው፣ የራሳቸው ስፋት፣ የእግራቸው ውፍረትና የጠርዛቸው ማዘንበል አንድ መሆን አለበት። በብዙ ሞተር ጠርዙ 45 ዲግሪ ያዘነበለ ነው፤ 30 ዲግሪ የሆነም አለ። በዓይን ብቻ አትመኑ። ባለሱቁን ካሊፐር ጠይቁና ለኩ። የሞላው መያዣ የሚገባበት ጭረትም አንድ ዓይነት ይሁን።

3. ማግኔት ካለ አስነኩት። አስገቢው ቫልቭ ሁሉ ነገሩ በማግኔት ይያዛል። ሙቀት ከሚችለው ብረት የተሠራ አስወጪ ቫልቭ ግን ራሱ በማግኔት አይያዝም። ብዙ ጊዜ እግሩ ብቻ ይያዛል፤ ሁለት ዓይነት ብረት ተጋጥሞ ስለሚሠራ ነው። ማግኔቱ የብረቱን ዓይነት እንጂ የሥራውን ጥራት አይነግራችሁም።

4. እግሩን በጠፍጣፋ መስተዋት ላይ አንከባሉት። ከተንቀጠቀጠ ጎብጧልና አትግዙት።

5. በብየዳ ተሞልቶ የተሞረደ አሮጌ ቫልቭ አትግዙ። ተራ ብየዳ ያን ሙቀት አይችልም። ቫልቩ ተሰብሮ ወደ ሲሊንደር ቢወድቅ ፒስቶኑን ይበሳል፣ ቴስታታውንም ይሰብራል። በቫልቩ ላይ የተረፈው ገንዘብ ያን ጊዜ በብዙ እጥፍ ይወጣል።

ሲገጠም ምን ይደረጋል?

አዲስ ቫልቭ ተገዛ ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። መካኒኩ ሲሠራ አጠገቡ ቁሙና እነዚህን ነገሮች ጠይቁ።

መጀመሪያ ቱቦው ይታይ። አዲሱ ቫልቭ በቱቦው ውስጥ ገብቶ ወዲያ ወዲህ ከተወላገደ ቱቦው አልቋል። ቱቦው ካልተለወጠ ቫልቩ በመቀመጫው ላይ ቀጥ ብሎ አያርፍም።

ቀጥሎ መቀመጫው ይታይ። ከተቦረቦረ በማሽን ይስተካከል። ከዚያ በኋላ ቫልቩ በማሻ ቅባት ቀስ ተብሎ ይሽ። በጠርዙ ዙሪያ ያልተቋረጠ፣ እኩል የሆነ ግራጫ ቀለበት መታየት አለበት። ቀለበቱ የተቋረጠበት ቦታ ካለ ነበልባል የሚሾልከው በዚያ ነው። ሲያበቃ ቅባቱ ተጠራርጎ ይታጠብ። ቅባቱ አሸዋ አለበትና ሞተሩ ውስጥ ከቀረ ሌላውን ዕቃ ይበላል።

በሦስተኛ ደረጃ በላምባ ይፈተን። ቫልቩና ሞላው ከተገጠሙ በኋላ በቴስታታው የአየርና የጢስ ቀዳዳ ላምባ ይጨመር። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ በቫልቩ ራስ ዙሪያ ላምባ ካንጠባጠበ ሥራው ይደገም። በዚህ ጊዜ እሳትና ሲጋራ ከአጠገብ ይራቅ።

በአራተኛ ደረጃ ሞላው ይለካ። አሮጌው ከአዲሱ ካጠረ ደክሟል፤ ይለወጥ።

በመጨረሻ የቫልቩ ክፍተት ይስተካከል። ቫልቩ ሲሞቅ ይረዝማል። ስለዚህ በእግሩ ጫፍና በገፊው ክንድ መካከል ጥቂት ወረቀት የምታህል ክፍተት ትተዋለች። ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ ሲሞቅ ሳይዘጋ ይቀርና ይቃጠላል። ከሰፋ ደግሞ ይንኳኳል። ልኩን የሚናገረው የሞተሩ መጽሐፍ ነው። በግምት አይሠራም። ሞተሩ ጥቂት ቀን ከሠራ በኋላ ክፍተቱ እንደገና ይለካ።

መቼ ይሠራ?

የቡና መፈልፈያው ሞተር በክረምት ሥራ ይፈታል። መታየት ያለበት ያን ጊዜ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ቢፈተሽ የጎደለው ዕቃ እስኪመጣ፣ መካኒኩም ተረጋግቶ እስኪሠራ ጊዜ አለ። በኅዳር ግን እሸት ቡና በጆንያ ተደርድሮ እየሞቀ፣ ገበሬው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ፣ ሁሉ ነገር በጥድፊያ ይሆናል። በጥድፊያ የተገዛ ቫልቭ አይለካም፤ በጥድፊያ የተሻ መቀመጫም አይገጥምም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ የተቻኮለ ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራል።

የማኅበሩ ጸሐፊ አንድ ደብተር ለሞተሩ ይያዝ። ዘይት የተለወጠበትን ቀን፣ ማጣሪያው የታጠበበትን ቀን፣ ቫልቩ የተለካበትን ቀንና የተገዛውን ዕቃ ቁጥር ይጻፍበት። ጥቁር ጢስ ሲታይ ወይም ጉልበት ሲቀንስ ያን ቀን ይመዝገብ፤ መካኒኩም ይጠራ። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ጥያቄዎች

1. አስወጪው ቫልቭ ከአስገቢው ይልቅ ለምን ይሞቃል?
2. የቫልቭ ሙቀት በብዛት የሚወጣው በየት በኩል ነው?
3. የእናንተ ሞተር በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞራል? ከሰሌዳው ላይ አንብቡ። ቫልቩ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚከፈት አስሉ።
4. ለእሽቅድምድም መኪና የተሠራ ቫልቭ ለወፍጮ ሞተር የማይጠቅመው ለምንድን ነው?
5. ምንጩ ያልታወቀ አሮጌ ቫልቭ ለቀጥቃጭ መስጠት ምን አደጋ አለው?